የማይመልሱ ጀልባዎች

ሐይቁ ከተሸፈነ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ደቅ ደሴት ላይ የሚወለድ ልጅ ውሃ ማለት አረንጓዴ ነገር ነው ብሎ ያድጋል። ከደሴቱ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ እምቦጭ ብቻ ነው የሚያየው፤ ከሰው ቁመት ያለፈ፣ ሐምራዊ አበባ የያዘ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አገር የሚቀይር። ማጨጃ ማሽኖቹ በመሀሉ ቦይ ይከፍታሉ፤ ነፋሱ ይዘጋዋል። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራዲዮው የተከፈቱትን ቦዮች ቁጥር ያነባል። ሰዉ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሠርጉም ገበያውም ቀብሩም የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽባባው እባላለሁ። ጀልባ ነጂ ነኝ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለ ኮምፒውተር የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ድሮ ሐሙስ ሐሙስ በራዲዮ የሚተላለፍ የጥገና ፕሮግራም ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላመለጠኝም። ያልገባኝን እንደ ዳዊት ደጋግሜ በቃሌ እይዘው ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ መረብ ስጠግን ወይም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስቀድስ፣ ድንገት ይገባኛል።

ጀልባዬ ላይ እንደ ሁሉም ጀልባ መሪ አለ። መሪ የምንለው የመዳፍ ያህል ሰሌዳ ላይ ያለች ኮምፒውተር ናት፤ በላስቲክ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ፣ ከአንቴናና ከአንዲት ስክሪን ጋር ተያይዛለች። ስክሪኑ ላይ ክፍት ቦይ ሰማያዊ፣ ዝግ ቦይ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ እኔ ደግሞ ነጭ ነጥብ ነኝ። ያለ መሪ ቦይ መግባት ክልክል ነው። ባይከለከልም ደፍሮ የሚገባ የለም። እምቦጩ ግራና ቀኝ ግድግዳ ሆኖ ስለሚቆም ከሠላሳ ክንድ በላይ አይታይም። መውጫው በተዘጋ ቦይ የገባ ጀልባ ከኋላም ይዘጋበታል። ልጄ ይበልጣል እንደዚያ ነው የቀረው። ከቀረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጀልባውም እሱም አልተገኙም።

የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አራት ሰዎች ፈንታነሽን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ወደቡ አመጧት። ፈንታነሽ የይበልጣል ሚስት ነበረች። ሦስት ዓመት ጠበቀችው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሲጠይቃት ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ አባቷ በሕይወት የለም። አዲሱ ባሏ በጎርጎራ በኩል ማጨጃ ማሽን ይነዳል፣ ያን ለት እዚያው ሥራ ላይ ነበር። ምጧ ከዋዜማው ጀምሮ ነው። ጤና ጣቢያችን ያለችው አዋላጅ፣ ሲስተር ባንቺአምላክ፣ አብራ መጣች።

«ልጁ በማህፀኗ ውስጥ ተጋድሟል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ላዞረው አልቻልኩም። ባሕር ዳር ገብታ በቀዶ ጥገና መውለድ አለባት።»

«በራሪው አምቡላንስስ?»

«ነፋሱ ካልረገበ አልነሳም ብሏል።»

«ስንት ሰዓት አለን?»

«እስከ እኩለ ቀን። ከዚያ በኋላ እኔን አይጠይቁኝ ጋሼ ሽባባው፤ እግዚአብሔርን ይጠይቁ።»

ባሕር ዳር በደህና ቀን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ አሥራ ዘጠኝ ማገናኛዎች አሉ። ማገናኛ ማለት ቦይ ከቦይ የሚገጥምበት፣ ቀኝ ወይም ግራ ብለህ የምትመርጥበት ቦታ ነው። አማተብኩና ሞተሩን አስነሳሁ።

አሁን ስለ መሪዬ እውነቱን መናገር አለብኝ። ዘገምተኛ ነበረች። ካለፈው ግንቦት ወዲህ፣ ቦዮቹን የሚቆጣጠረው ማዕከል አዲሱን ሶፍትዌር ከላከልን ጀምሮ፣ ነጯ ነጥብ እኔ ካለሁበት ወደ ኋላ ትቀራለች። ጀልባው ማገናኛው ላይ ደርሶ ሲቆም ነጥቧ ገና እየመጣች ነው። እኛም ለመድነው። ማገናኛ ላይ ደርሰህ ትቆማለህ፣ አባታችን ሆይ ትላለህ፣ ሰላም ለኪ ትላለህ፣ ያኔ ትደርስብሃለች። የደቅ ጀልባ ነጂዎች ሁሉ እንዲህ ነው የምንጓዘው። ሰሌዳዋ አርጅታለች፣ አዲሱ ሶፍትዌር ከበዳት ብዬ ነበር። ረጋ ባለ ቀን የሚጎዳው ማንንም አይደለም።

ያን ቀን ግን ነፋሱ ከሰሜን ነበር። ነጥቧን ቆመን ስንጠብቅ ቦዩ ከፊታችን ይዘጋል። ሦስተኛው ማገናኛ ላይ ሰማያዊ ያየሁትን ቦይ ይዤ ገባሁ፤ መቶ ሜትር ሳልሄድ ግድግዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ወደ ኋላ እየቀዘፍኩ ወጣሁ። አምስተኛው ላይም እንደዚያው ሆነ። አራት ሰዓት ሲሞላ ገና ስድስተኛው ማገናኛ ላይ ነበርን።

ሲስተር ባንቺአምላክ የልብ ማዳመጫዋን ፈንታነሽ ሆድ ላይ አድርጋ በየጊዜው የልጁን የልብ ምት ትናገራለች። «መቶ ሠላሳ።» ቆይታ «መቶ ሃያ አራት።» ፈንታነሽ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ጥርሷን ነክሳለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

የጀልባዬ መነጋገሪያ ራዲዮ ጮኸ። አለኸኝ ነው፤ ከእኛ ማኅበር በሕይወት ካሉት አራት ጀልባ ነጂዎች አንዱ።

«አንተ ሽባባው! ያቺ ሳጥንህ ዛሬም እያመሰኳች ነው?»

«እያመሰኳች ነው።»

«በጥፊ በላታ! የኔዋ የሚገባት እሱ ብቻ ነው። ትናንት ሁለቴ ባቀምሳት እንደ ሙሽራ ፈጠነች።»

ይኼኔ ፈንታነሽ አቃሰተች። አለኸኝ ሰማ።

«ማናት?»

«ፈንታነሽ ናት። ምጥ ላይ ናት።»

ከዚያ ቀልዱን ትቶ «ሰባት ቁጥር ቦይ ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። በስምንት ሂድ። እመ ብርሃን ትቅደምልህ» አለ።

ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሲስተር።

«እንዲህ እየሄድን አንደርስም። መጠገን አለባት።»

«አሁን? እዚህ?»

«አሁን፤ እዚሁ።»

የሳጥኗን ክዳን ፈታሁ። መጀመሪያ ሙቀቷን አየሁ፤ በጣቴ ነካኋት፣ ትፈጃለች። ክዳኑን ክፍት ትቼ ከሲስተር ዕቃ ውስጥ የወሰድኩትን የብረት ሳህን በሐይቁ ውሃ አቀዝቅዤ ሥሯ አደረግኩ። ቀዘቀዘች፤ ግን አልፈጠነችም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ መብረቅ ብልጭ ትል ነበር፤ ኤሌክትሪክ አነሰኝ ማለቷ ነው። ገመዷን ነቅዬ በቀጥታ ከባትሪው ጋር በወፍራም ገመድ አገናኘኋት። መብረቁ ጠፋ። እሷ ግን ያው ናት። የውሃውን ጥልቀት፣ የገዳማቱን ሥዕል፣ የወፎቹን ምልክት፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ከካርታው ላይ አጠፋሁ። ሚሞሪ ካርዷን አውጥቼ መጠባበቂያውን ከተትኩ፤ ቅጂዋ ነው።

በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል ጀልባዋን ትንሽ እየገፋሁ ነጥቧ እስክትከተለኝ ድረስ በሰዓቴ ቆጠርኩ። መጀመሪያ ሰማንያ አራት ሰከንድ ነበር። ቀጥሎ ሰማንያ አንድ። ከዚያ ሰማንያ አንድ። አሁንም ሰማንያ አንድ።

«መቶ አሥር» አለች ሲስተር። «ጋሼ ሽባባው፣ መቶ አሥር ነው።»

ነገሩ የገባኝ ያ ቁጥር አልነቃነቅ ሲል ነው። የደከመ ነገር አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ይቺ ግን በልክ ነው የምትዘገየው። ያ የሐሙሱ ሰውዬ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ነበር፤ ማሽን በልክ ሲዘገይ ደክሞት አይደለም፣ የሚጠብቀው ነገር አለ።

ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። መሪ ስትሠራ ከድምፅ ማጉያዋ ትንሽ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እንደ መቁጠሪያ ስለሆነብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጠቅ። ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠቅ። ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆጠርኳቸው። ሃያ ሰባት ጊዜ ጠቅ ብላ ሃያ ሰባት ጊዜ ዝም ተባለች። ከዚያ ሦስቴ ጠቅ ስትል ሦስቴም ወዲያው ተመለሰላት። ከዚያ በኋላ ነጥቧ ተነቃነቀች፣ የቦዮቹም ቀለም ታደሰ።

ዓይኔን ከፈትኩ።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ክረምቱ ገብቶ የማኅበራችንን መዝገብ ውሃ በላው። የጀልባ ነጂዎቹ የቅዱስ ገብርኤል ማኅበር ማለቴ ነው። መዝገቡ ላይ የሞቱት አባሎቻችን ስም አለ፤ በየወሩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጽዋው ሳይነሳ ይነበባል። ቀለሙ ሳይጠፋ ስሞቹን የሚያኖር ሰው ሲፈለግ እኔ ላይ ጣሉት። ኮምፒውተር ያውቃል ተባለ። እኔም መሪዬ ውስጥ የስም ዝርዝር የሚቀበል ቦታ አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት፤ የጀልባዎቹ ዝርዝር። መሪ በዚያ ዝርዝር ያሉትን ጀልባዎች በየተራ «የት ነህ?» እያለች ትጠራለች፣ እንዳንጋጭ። ሙታኑን እዚያ ጻፍኳቸው። ከዚያ ወዲያ የቀረ ሲኖር ስሙን አላወጣንም፤ ለምን እናውጣ? ሌሎቹም ከእኔ ካርድ ላይ ቀዱ። በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ስማቸው በወር አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየደቂቃው ይጠራል እል ነበር።

አሮጌው ሶፍትዌር ያልመለሰውን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። ግንቦት ላይ የመጣው ግን አደጋ እንዳይደርስ ተብሎ ለእያንዳንዱ ጀልባ ሦስት ሰከንድ እንዲጠብቅ ሆኗል። መሪዬ ላይ ምንም ብልሽት የለም። ሃያ ሰባቱ ሙታን እስኪመልሱላት ትጠብቃለች።

«ምን ሆኑ?» አለች ሲስተር። ፊቴን አይታ ነው።

ነገርኳት።

«ታዲያ ያውጧቸዋ!»

«ስማቸው እኮ በወረቀት የትም የለም፤ ያለው መሪዎቻችን ውስጥ ብቻ ነው።»

«ጋሼ ሽባባው» አለች፤ ልጆቼን በምገሥጽበት ድምፅ። «እዚህ ያለው መቶ አራት ደርሷል።»

ዝርዝሩን ከፈትኩ። ስሞቹን አንድ ላይ ማውጣት አይቻልም። አንዱን ስትነካ ትጠይቅሃለች፤ «ይህ ጀልባ ከእንግዲህ አይጠራም። እርግጠኛ ነህ?» አዎ ስትል ዙሯን እስክትጨርስ መልስ አትሰጥም። የመጀመሪያው ስም ሰማንያ አንድ ሰከንድ ፈጀ። ቢያድግልኝ ነበር፤ መቅዘፍ ያስተማረኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ሁለተኛው ሰባ ስምንት ሰከንድ። አየነው። ሲስተር አላወቀችውም፤ ግን ማዳመጫውን እንደያዘች «ነፍስ ይማር» አለች። ዘገየ። ውበቱ። ደጉ፤ ሠርጌ ላይ ከነጫማው ሐይቁ ውስጥ የገባው። ስመኝ፤ በማኅበሩ ብቸኛዋ ሴት፣ ከወንዶቹ ሁሉ የፈጠነች። ስሙን ጠራሁ፣ አዎን ነካሁ፣ ጠበቅሁ። እያንዳንዱ ሲወጣ ለቀጣዩ የምጠብቀው በሦስት ሰከንድ ያጥራል። ሃያ ስድስቱን ለማውጣት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሄደ። እምቦጩ የጀልባዋን ጎን መነካካት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀረ። ይበልጣል ሽባባው።

ጣቴን አነሳሁ። ፈንታነሽ የማታይ መስሎኝ ነበር። ስክሪኑን ስታይ ቆይታለች።

«አባየ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «እሱን ይተዉልኝ።»

ሲስተር አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። «ስንት ነው እሱ?»

«ሦስት ሰከንድ» አልኩ። «ሦስት ሰከንድ ምንም አይደለም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ፈንታነሽ ምጥ ላይ ነበረች፤ ሲስተር ጀልባ አታውቅም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ነጥቧ ከእኔ ጋር እኩል የምትሄድ መሰለች። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው። ማገናኛ ላይ አልቆምንም። ሰማያዊ ሲሆን ገባሁ፣ ሊቀላ ሲል ወጣሁ። ዘጠኝ ወር እንዲህ ነድቼ አላውቅም። ከሞተሩ ድምፅ ሥር አንዲት ጠቅ ትሰማለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልጄን እየጠራች ነው። አብሬያት ጠራሁት፤ በልቤ።

ከአምስት ሰዓት ተኩል ትንሽ እንዳለፈ ከአሥራ ዘጠነኛው ማገናኛ ደረስን። ከዚያ ወዲያ የባሕር ዳር ወደብ ነው፤ የክሬኖቹ ጫፍ ከእምቦጩ በላይ ይታያል። ግራው ቦይ ሰማያዊ ነበር። በሙሉ ፍጥነት ገባሁ። ሰማያዊ። ሰማያዊ። ቀይ።

ሦስት ሰከንድ በዚያ ፍጥነት የጀልባዬ ቁመት ነው። አፍንጫዋ እምቦጩ ውስጥ ተሰነቀረ፤ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ቆመ። ሥሩ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን የሞተሩን ክንፍ እንደ ገመድ ተብትቦታል።

ቢላዋዬን ይዤ ከኋላ ወረድኩ። ውሃው እስከ አንገቴ ነበር። በእጄ እየዳሰስኩ ቆረጥኩ፤ አንዱን ስቆርጥ ሌላው ይጠመጠማል። ከላይ የሲስተር ድምፅ ይመጣል።

«ዘጠና ስድስት።»

ቆረጥኩ።

«ዘጠና።»

«እግዚኦ» እያልኩ ቆረጥኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

«ሰማንያ ሁለት። ጋሼ ሽባባው፣ ሰማንያ ሁለት!»

አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ወደ ላይ ስወጣ እጄ ይደማ ነበር። ስክሪኑ ላይ ዙሪያችን በሙሉ ቀይ ነው። አንዳንዴ በስተቀኝ ቀጭን ሰማያዊ ብልጭ ይልና ሳልይዘው ይጠፋል። ነፋሱ እያወዛወዘው ክፍተቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለእኔ የሚደርሰኝ ሁልጊዜ ያለፈው ነው።

ፈንታነሽን አየኋት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«አዎ ይበሉት፣ አባየ» አለች።

እርጥብ ጣቴን ስክሪኑ አልቀበል አለ። በሸሚዜ ጠርጌ እንደገና ነካሁት። ይህ ጀልባ ከእንግዲህ አይጠራም። እርግጠኛ ነህ? ሦስት ሰከንድ ነው የፈጀው። ነፍስ ይማር አላልኩም።

ጠቅ የሚለው ድምፅ ጠፋ። በስተቀኝ ሰማያዊው ታየ፤ አሁን የሚታየው ያለው ነው። ጀልባዋን አዙሬ ሞተሩን ሙሉ ሰጠሁት። ሁለቱም ጎኖቿ ግድግዳውን እየፋቁ ወጣን። ከኋላችን ሲገጥም ሰማሁት። ወደቡ ላይ ሦስት ሰዎች ተሽከርካሪ አልጋ ይዘው ቆመው ነበር። እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጥኩ። ልብሴ ላይ እምቦጭ ነበር፤ ጽዳት የምትሠራው ሴት ከሥሬ ያለውን ውሃ ሁለቴ ጠረገች፣ ምንም አላለችኝም። እስክሪብቶና የአንድ ቅጽ ጀርባ ለመንኩና የሃያ ሰባቱን ስም ጻፍኩ። ሁሉም መጣልኝ። ከዚያ ለአለኸኝ ደወልኩለትና የሆነውን ነገርኩት።

«ሃያ ሰባቱንም ላውጣ?» አለ።

«ሁሉንም። መጀመሪያ ግን ወረቀት ላይ ጻፋቸው።»

«ይበልጣልንም?»

«እሱንም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቀለደም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተር ባንቺአምላክ ወጣች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እሷ ተርፋለች» አለች።

«ልጁስ?»

«ወንድ ነው። ልቡ ይመታል።» ማዳመጫዋን ከአንገቷ አወረደች። «አየር አጥሮት ነበር። ሲነኩት፣ ሲያነጋግሩት ገና አይመልስም። ሐኪሙ ሦስት ቀን እንጠብቅ ነው የሚለው።»

አሥራ አንዷን ደቂቃ አላነሳችብኝም። እስከ ዛሬም አላነሳችብኝም። እኔ ነኝ የማነሳት።

አባትየው ከጎርጎራ ቦይ እስኪከፈትለት ሰው የለም ብላ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ልጁ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ገመድ ገመድ ሆኖ። ስም የለውም ገና። በመስታወቱ ቀዳዳ እጄን አስገብቼ በአንድ ጣቴ መዳፉን ነካሁት።

«አንተ ልጅ» አልኩት።

ሦስት ሰከንድ ጠበቅሁ። ሌላ ሦስት። ከዚያ እንደገና ጠራሁት።